ያወቀ ሰው ዕዳ

አንዳንድ ሰው ማታ ማታ ካርታ ይጫወታል፤ አንዳንዱ ሬዲዮ ያዳምጣል። እኔ ሳንቲም እለቅማለሁ። ነገሩ የለመደብኝ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሳንቲም ገና ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነው። ደመወዝ የተቀበልሁ ዕለት ከያዝሁት ላይ ጥቂቱን ብር ባንክ ቤት ወስጄ በዝርዝር እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ገንዘብ ከፋዩ መጀመሪያ ሱቅ የከፈትሁ መስሎት ነበር። በማግስቱ የዚያኑ ያህል ሳንቲም ተሸክሜ በብር ለውጡልኝ ብዬ ስመለስ ግን ግራ ገባው። እየቆየ ሲሄድ ለመደኝና ከበር ስገባ ሲያየኝ ፈገግ እያለ ከረጢቱን ያነሣ ጀመር።

ቤቴ ዓይናለም ነው፤ ከመቀሌ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ያኔ ከተማው አልቆ ማሳው ይጀምርበት ከነበረው ሥፍራ ላይ። መቀሌ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ውኃ ከዚሁ ከዓይናለም ጉድጓዶች የተቀዳ ነው። ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጥፍና ሳንቲሙን እዘረግፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዓይን ብቻ ነው።

ለመሆኑ በሳንቲም ክምር ውስጥ ምን ይፈለጋል? የሚል አንባቢ አይጠፋምና ጥቂት ላብራራ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ገንዘብ ሲለውጥ ያወጣቸው ሳንቲሞች በአንድ ገጻቸው የአንበሳ ራስ አለባቸው። በሌላው ገጽ ባለአንዷ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ ባለአሥሯ ኒያላ፣ ባለሃያ አምስቷ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት ይዘዋል። እነዚህ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ደጋግመው ሲመቱ የተጻፈባቸው ዓመት ግን ያው 1969 ነበር። ስለዚህ አንዱን ምት ከሌላው የሚለየው የአንበሳው ጢም ነው። የአንዱ የአገጭ ጢሞች ሊነካኩ ሲቀርቡ የሌላው ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ጢም ሲቆጥር የሚያመሽ ሰው ጤነኛ አይደለም ብትሉኝ አልከራከርም።

ከነዚህ አንበሶች መካከል አንዳንዴ የጃንሆይ መልክ ያለባት የ1936 ዓ.ም. አሥር ሳንቲም ተደብቃ ትገኛለች። ስፋቷ ከደርጉ አሥር ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ የቸኮለ እጅ አይለያትም። በዚያው ዓመተ ምሕረት ከወጡት መካከል ሃምሳ ሳንቲሟ እውነተኛ ብር ያለባት ነበረች። ሃያ አምስቷ ደግሞ መዳብ ነበረች፤ ነገር ግን ክብና ከሃምሳዋ ጋር በስፋት የምትመሳሰል ስለ ነበረች፣ ብር እየቀቡ ሃምሳ ናት ብለው የሚያሳልፏት አታላዮች ተነሡ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ጠርዟን እንደ አበባ ቅጠል አድርጎ እንደ ገና መምታት ነበር። ያቺን ባለአበባ ጠርዝ ሃያ አምስት ሳንቲም ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሳንቲሟን ያወጣው ክፍል «የሚቀበል ሰው ራሱ ይጠንቀቅ» ብሎ አልተወም። ማንበብ የማይችለውም፣ ዓይኑ የደከመውም በጣቱ ዳስሶ እንዲለያት አድርጎ ሠራት። ያወቀው ክፍል ላላወቀው የመናገሩን ሸክም በራሱ ላይ ወሰደ ማለት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ማታ ባለቤቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስትመለከተኝ ቆይታ፣ «ይህ ነገር ሌብነት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ሣቅሁ። ባንኩ አሥር ሳንቲም ብሎ ሰጠኝ፤ እኔም አሥር ሳንቲም ብዬ ተቀበልሁ። አንዷን ባስቀር በማግስቱ በምትኳ ሌላ አሥር ሳንቲም እጨምራለሁ። ማን ጎደለበት? ባንኩ እንደ እኔው ዓይን አለው፤ ማየት ቢፈልግ ከእኔ በፊት ከረጢቱ በእጁ ነበር። በእኔና በባንኩ መካከል ያለው ውል ሳንቲሟ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት አንገቷን ነቀነቀችና፣ «እሺ፤ ግን ይህ ክርክርህ የሚሠራው ከወዲያ ማዶ ያለው ባንክ እስከ ሆነ ድረስ ነው» ብላ ተነሣች።

ባለቤቴ ይህን በተናገረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ተለወጠ።

መስከረም 1999 ዓ.ም. ነበር። ማሳቸው ከቤቴ ጀርባ የነበረ፣ ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ «አደይ» እያልሁ የምጠራቸው። አንድ ቀን ማለዳ በሬን አንኳኩ። «ወደይ፣ አንተ ያረጀ ሳንቲም ትወዳለህ አሉ» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ልጃቸው ከዝናቡ በኋላ ከማሳው ዳር ያነሣት፣ የጥፍር ያህል የምታክል፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች ናስ ነበረች። በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግኋት። በአንዱ ገጽ የንጉሥ ራስ፣ በሌላው በክብ ውስጥ ያለ መስቀል ብቅ አለ። በመስቀሉ ዙሪያ የባዕድ ፊደል ተጽፏል።

የአክሱም ገንዘብ ናት።

ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን አልለወጥሁም። አንባቢዬ ይህችን ልብ ይበልልኝ፤ ጥፋት ከተባለ የጥፋቱ ሁሉ ቁልፍ ያቺ ያልተለወጠች ፊት ናት። «ስንት ትላለህ?» አሉኝ። «እርስዎ ይበሉ» አልሁ። «ሃያ ብር ለቡናና ለስኳር ትበቃኛለች» አሉ። እኔ ደግሞ ደግ ሰው ነኝና ሠላሳ ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ምርቃቱን ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «አሜን» እያልሁ ተቀበልሁ።

የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መምታት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። ወርቅም፣ ብርም፣ ናስም መትተዋል፤ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስም ዘልቀዋል። መጀመሪያ ላይ በገንዘባቸው አናት የሚታየው ጨረቃና ክብ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በጨረቃዋ ቦታ መስቀል ገባ። ከዓለም ገንዘቦች መስቀልን ቀድመው ከተሸከሙት አንዱ የኛው ነው ማለት ነው። የኔዋ ናስ ብርቅ አልነበረችም፤ ከአክሱም ገንዘቦች በብዛት ከሚገኙት ወገን ናት። ቢሆንም ዋጋዋ ከሠላሳ ብር ብዙ እጥፍ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሬ በመስቀሉ ዙሪያ ያለውን የግሪክ ጽሑፍ ባነብበው ትርጉሙ «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ሆነ። መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁና ቆለፍሁባት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ አደይን በመንገድ ባየሁ ቁጥር እርምጃዬ ይፈጥናል። ለምን? ዋሸኋቸው? አልዋሸሁም። ሰረቅኋቸው? ከጠየቁት በላይ ከፈልሁ። ታዲያ ምን ይቆጠቁጠኛል? ሰው በገዛ ሕሊናው ፊት ጠበቃ መሆን ሲጀምር ክስ መኖሩን ያመነ ሰው ነው።

ጥያቄው የኔ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ኋላ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት የነበረው ሮማዊው ቺቸሮ ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ታሪክ ያነሣል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቶ እህል ተወዷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው እየመጡ መሆናቸውን በባሕር ላይ አይቷል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? በዚህ ላይ ሁለት ፈላስፎች፣ መምህሩ ዲዮጋን የባቢሎኑና ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ተከራከሩ። ዲዮጋን፣ መደበቅ ሌላ አለመናገር ሌላ ነው፤ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረ የቀረውን የመናገር ግዴታ የለበትም ባይ ነው። አንቲጳጥሮስ ግን፣ ሰው ለሰው ጥቅም ተፈጥሯልና ገዢ የማያውቀውን ሻጭ እያወቀ ዝም ሊል አይገባም ይላል። ቺቸሮ የፈረደው ለደቀ መዝሙሩ ነው። መደበቅ ማለት ዝምታ ሁሉ አይደለም፤ ማወቅ የሚጠቅመው ሰው፣ ላንተ ትርፍ ሲባል ሳያውቅ እንዲቀር መፈለግ ነው አለ። ይህን ሳነብ መሳቢያዬ ትዝ አለኝ። በሮድስ ያወቀው ሻጩ ነበር፤ በዓይናለም ያወቅሁት ገዢው እኔ ነኝ። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ለራሴ የነበረኝ ጠንካራ መከላከያ እንዲህ የሚል ነበር። «ይህን ዓይን ያሠለጠንሁት በገዛ ገንዘቤና በገዛ እንቅልፌ ነው። ዕውቀት ዋጋ አለው። ሐኪም ያወቀውን በነጻ አይሰጥም፤ እኔስ ለምን እሰጣለሁ?» ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። ግን ሐኪሙ በሽታህን ነግሮህ ነው የሚያስከፍልህ። በሽታህን ደብቆ ከመደበቁ የሚያተርፍ ሐኪም ቢገኝ ሌላ ስም እንሰጠዋለን። ዕውቀቴን መሸጥና የሌላውን አለማወቅ መግዛት አንድ አይደሉም። በዚያ ማለዳ እኔ የገዛሁት ናሷን ብቻ አልነበረም፤ የአደይን አለማወቅ ጭምር ነው፤ ለርሱም ዐሥር ብር ጉርሻ ሰጠሁበት።

በወንጌል አንድ ሰው በእርሻ ውስጥ የተቀበረ መዝገብ አግኝቶ መልሶ ሸሸገው፤ ያለውንም ሸጦ እርሻውን ገዛው የሚል ምሳሌ አለ። ምሳሌው የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ስለ ንግድ ሕግ አይደለም። ቢሆንም በኛ ሰፈር ለሚኖር ሰው የእርሻው ባለቤት ሳይታወሰው አይቀርም። ከተማ ወደ ገጠር ሲገፋ ሁልጊዜ ፕላኑን አስቀድሞ ያየ ሰው አለ፤ ሁልጊዜም ማሳው ነገ መንገድ ዳር እንደሚሆን ያልሰማ ገበሬ አለ። በመካከላቸው የሚደረገው ስምምነት ምስክር ፊት ቢፈረም፣ ቡና ቢፈላበት፣ ምርቃት ቢታከልበትም፣ አንደኛው ወገን ጨለማ ውስጥ ነው የፈረመው። ሳንቲም ለቃሚውን እኔን የሚያክል ትንሽ ሰው ላይ የምፈርደው፣ ነገሩ በትንሹ ካልታየ በትልቁ ስለማይታይ ነው።

ዕዳዬን በደንብ የቈጠርሁት ግን በመጽሐፍ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ተለወጡ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ጦርነቱ ጀመረ። ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ መቀሌ ያለ ባንክ ኖረች። በባንክ ደብተሬ ላይ ያለው ገንዘብ ቁጥር ብቻ ሆነ። ስንት ዘመን በከረጢት ሳንቲም ያመላለስሁበት ደጃፍ ተዘግቶ ሳየው፣ ያ ሁሉ ጨዋታ የተመቸው ሰው ጨዋታ እንደ ነበር ገባኝ። የለቀምኋቸው ባለጢም አንበሶች አንድ ጣሳ ዱቄት አይገዙም ነበር።

ባለቤቴ ከአያቷ የወረሰቻቸው ሦስት ጠገራ ብሮች ነበሯት። ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1780፣ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በየአገሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘች ተመትታለች፤ ኢጣልያም ኢትዮጵያን ልትወርር በተዘጋጀችበት በ1935፣ በነርሱ አቆጣጠር፣ ሮማ ውስጥ መምታት ጀምራ ነበር። እነዚያን ሦስቱን ይዤ ወደ አንድ ገዢ ሄድሁ። ዋጋቸውን ዐውቀዋለሁ፤ የብሩንም ክብደት፣ የቀረጻውንም ዓይነት ዐውቃለሁ። ገዢውም ያውቃል። አገላበጣቸው። ዋጋ ጠራ። ዋጋው ለመስማት የሚያሳፍር ነበር። ፊቱ ግን አልተለወጠም።

ያን ፊት ዐውቀዋለሁ። የኔ ፊት ነው።

ሸጥሁለት። ያን ዕለት የተማርሁት፣ ችግርና አለማወቅ በገበያ ውስጥ አንድ ሥራ እንደሚሠሩ ነው። ሁለቱም የሻጩን አንደበት ይዘጋሉ። እኔ ዐውቄ ዝም አልሁ፤ አደይ ሳያውቁ ዝም አሉ። ከሁለታችንም አንጻር የተቀመጠው ሰው ግን ያው አንድ ሰው ነው፤ መናገር እየቻለ ዝም የሚል።

ጊዜው ረገብ ሲል፣ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ፣ ናሷን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ አደይ ቤት ሄድሁ። ያ ማሳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። አደይም አርጅተዋል፤ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ወይም «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብለው ያሰናብቱኛል ብዬ። ናሷን በመዳፋቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ገንዘቡስ ያኔም ቢበዛ ይበላ ነበር። ግን ይህን የመሰለ ልጄ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ አገኘ! ላንተ እንዳናስቸግርህ ብለን ለሕፃናት መጫወቻ ሰጠነው። የቀረውም ለቤቱ መሠረት ሲቆፈር ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ሄደ። ያን ቀን የንጉሥ ነው ብትለን ኖሮ እኛስ ዝም እንል ነበር?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ጥፋቴን የምመዝነው በብር ነበር፤ ስንት ልከፍላቸው ይገባኝ ነበር እያልሁ። አደይ ግን የጎደለው ሌላ መሆኑን አሳዩኝ። የጥንት ነገር መርማሪዎች እንደሚሉት የአንዲት ሳንቲም ምስክርነት ግማሹ ያለው ከብረቷ ላይ ሳይሆን ከተገኘችበት አፈር ላይ ነው። ከየትኛው ጥልቀት ወጣች? ከምን ዓይነት ገል ጋር ተገኘች? ብቻዋን ነበረች ወይስ ከሌሎች ጋር? ይህ ሁሉ በዚያ ማለዳ በአንድ ቃል ሊጠበቅ ይችል ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና እስኪያስረክብ ድረስ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ላስረከበውም ሽልማት እንዳለው ይናገራል። ከገዛሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛቴም በፊት ይህን ዐውቅ ነበር። አንዲት ናስ ላስቀር ብዬ የማሳውን አንደበት ዘጋሁ። «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ የተሸከመች ገንዘብም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ደስ አሰኘች፤ እርሱንም በደንብ አይደለም።

በሳምንቱ ከአደይና ከልጃቸው ጋር ሆነን ናሷን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረከብን። ልጁ ማሳው የት እንደ ነበረ፣ በየትኛው ዳር እንዳነሣት በጣቱ እያመለከተ አስረዳ። በወረቀቱ ላይ የአግኚው ስም ሲጠየቅ የርሱ ስም ተጻፈ። የኔ ስም የትም አልገባም፤ መግባትም አልነበረበትም።

ሳንቲም መልቀሜን ትቻለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬ በእጃችን የሚዞረው ዝርዝር በአብዛኛው በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለአንድ ብር ሳንቲም ነው፤ እነ አምስትና አሥር ሳንቲም ከገበያ ጠፍተው በየመሳቢያው ቀርተዋል። ከባንክ ያገኘሁትን እስከ ዛሬም ያለ ሐሳብ እፈትሻለሁ፤ ባለቤቴ እንዳለችው ከወዲያ ማዶ ያለው ባንክ ነውና። ከሰው ሲሆን ግን አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ መጀመሪያ የማውቀውን እናገራለሁ፤ ዋጋ የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ደንብ ያስከስራል። እስካሁን ሦስት ጥሩ ጥሩ ሳንቲሞች አምልጠውኛል።

ከሦስቱ አንዷ ያቺ ባለአበባ ጠርዝ ሃያ አምስት ሳንቲም ናት። በሰፈራችን ያለ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ከአባቱ መሳቢያ አግኝቷት «ጋሼ፣ ይህቺ ትሠራለች?» ብሎ ሰጠኝ። ጠርዟ ለምን እንደ ተከረከመ፣ በጣት እንዴት እንደምትለይ ነገርሁት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ስንት ልስጥህ ብለው፣ «አይ፣ አልሸጣትም» አለኝ። አሁን በሱቁ መስታወት ላይ ለጥፏታል፤ ዳቦ ልገዛ በሄድሁ ቁጥር አያታለሁ።